ተጫዋች የሌለው ክለብ

ክቡራን የማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶች፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በደህና መጣችሁ።

የዘንድሮው መወያያችን የትንንሽ ክለቦች ታሪክ አጻጻፍ ነው። ለመንደርደሪያ የመረጥኩት በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት የነበረውን የቤዝቦል ቡድን ፓታኬት ሬድ ሶክስን ነው። ቀናቱንም ዓመታቱንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

በቅድሚያ አንድ ነገር እናጥራ። በአሜሪካ ቤዝቦል እንደ እግር ኳሱ በውጤት ወደ ላይ መውጣትና ወደ ታች መውረድ የለም። የታችኛው ሊግ ቡድን ዋንጫ ቢበላም እዚያው ነው። ተጫዋቹንም አሰልጣኙንም የሚቀጥረውና ደመወዝ የሚከፍለው ዋናው ክለብ፣ ማለትም ቦስተን ሬድ ሶክስ ነው። ቦስተን ሰው ካስፈለገው ምርጡን መቺ በውድድሩ መሃል ይወስዳል፤ ፓታኬት እምቢ ማለት አይችልም ነበር። ታዲያ የፓታኬት ባለቤት ምን ቀረው? ሜዳው፣ ትኬቱና ምግቡ። የዚህን ቡድን ታሪክ በኮከቦቹ ስም ብቻ የሚጽፍ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው።

ሜዳው በ1942 በረግረግ ላይ ተሠርቶ የተከፈተው የማኮይ ስታዲየም ነበር። የተጫዋቾቹ መቀመጫ ከተመልካቹ ፊተኛ ረድፍ ሥር ስለነበር ደጋፊ እጁን ዘርግቶ ፊርማ መቀበል አይችልም ነበር። ዘዴ ተገኘለት፦ ባዶ የወተት ጀሪካን ጎኑ ይቀደዳል፣ ኳስና እስክሪብቶ ይከተትበታል፣ በገመድ ቁልቁል ይወርዳል፤ ተጫዋቹ ፈርሞ ይመልስ ነበር። «ዓሣ ማጥመድ» ይሉት ነበር። የግንባታው አለመመቸት የስታዲየሙ መታወቂያ ሆነ።

የቦስተን የታችኛው ሊግ ቡድን ወደ ፓታኬት የመጣው በ1970 ሲሆን በ1973 ከታችኛው ሊግ የመጨረሻው ከፍታ፣ ትሪፕል ኤ ደረሰ፤ በዚያው ዓመት ሻምፒዮን ሆነ። ዋንጫው ግን ከኪሳራ አላዳነውም። በ1977 ቤን ሞንዶር የሚባል ጡረታ የወጣ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ገዛው። ሞንዶር ተጫዋች ማሻሻል እንደማይችል ያውቃል፤ ስለዚህ ስታዲየሙን አጸዳ፣ የትኬቱን ዋጋ ዝቅ አድርጎ ቤተሰብ ጠራ። በ1977 ወደ 70 ሺህ ገደማ የነበረው ዓመታዊ ተመልካች በ2005 688,421 ደረሰ።

በ33 ኢኒንግ ስላለቀው ጨዋታ ሳላነሳ ብቀር ደግሞ አታልፉኝም። ኢኒንግ ሁለቱ ቡድኖች ተራ በተራ አንድ ጊዜ የሚመቱበት ዙር ነው፤ ጨዋታው 9 አለው፤ በእኩል ውጤት ግን አይለያዩም። ሚያዝያ 18 ቀን 1981 ቅዳሜ ምሽት ከሮቸስተር ጋር የነበረው ጨዋታ በመብራት ብልሽት ግማሽ ሰዓት ገደማ ዘግይቶ ተጀመረ። 9ኙ ዙር 1 ለ 1 አለቀ። ነፋሱ ከሜዳው ዳር ወደ መቺው ይነፍስ ስለነበር ርቀው የተመቱ ኳሶች እየተገፉ ይመለሳሉ። በ21ኛው ሮቸስተር ቢመራም የፓታኬቱ ዌድ ቦግስ አቻ አደረገ። ተጫዋቾች ከብርዱ የተነሳ የተሰበረ ዱላ በበርሜል ያነዱ ነበር።

ለምን አላቆሙትም? በሊጉ ደንብ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ50 በኋላ አዲስ ኢኒንግ አይጀመርም። ዳኞቹ በያዙት መመሪያ ውስጥ ግን ይህ አንቀጽ አልነበረም። የሊጉ ፕሬዚዳንት ሃሮልድ ኩፐር በስልክ እስኪገኙ ድረስ ጨዋታው ቀጠለ፤ 32ኛው ሲያልቅ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ7 ላይ፣ በፈረንጆቹ ፋሲካ ንጋት ተቋረጠ። ከ1,740 ተመልካች የቀሩት 19 ነበሩ። ሰኔ 23 ቀን ሲቀጥል የላይኛው ሊግ ተጫዋቾች አድማ ላይ ስለነበሩ ስታዲየሙ ሞላ፤ የፓታኬቱ ዴቭ ኮዛ በ33ኛው ኢኒንግ፣ በ18 ደቂቃ ውስጥ በአንድ ምት 3 ለ 2 አደረገው። እንግዲህ የጨዋታው ርዝመት 8 ሰዓት ከ25 ደቂቃ የሚባለው የሁለቱ ቀናት ድምር ነው፤ «በአንድ ሌሊት» ብሎ የሚጽፍ ብዙ ነው። ከሁለቱ ቡድኖች ቦግስና ካል ሪፕከን በኋላ የቤዝቦል የዝና አዳራሽ ገቡ። ኮዛ በላይኛው ሊግ አንድም ቀን አልተጫወተም።

ሞንዶር በ2010 አረፉ። በ2015 ቡድኑን የገዙት ሰዎች አዲስ ስታዲየም ፈለጉ፤ ከግዛቱ ጋር የሕዝብ ገንዘብ ክርክሩ ተጓተተ፤ ነሐሴ 2018 ወደ ማሳቹሴትስ፣ ወደ ዉስተር እንደሚሄዱ አስታወቁ። የ2020 ውድድር በኮቪድ ስለተሰረዘ ስንብት እንኳን አልነበረም። በ2021 ቡድኑ ዉስተር ላይ በፖላር ፓርክ ስታዲየም ጀመረ። የቦስተን ተጫዋቾች እንደ ድሮው ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ።

ስለዚህ ዛሬ ከሰዓት በኋላ በየቡድን ስትከፋፈሉ ከውጤት ሰንጠረዡ በፊት የሜዳውን የኪራይ ውልና የዓመቱን የደንብ መጽሐፍ፣ የጎደለውን ገጽ ጭምር፣ ፈልጉ። ጉባኤው መከፈቱን አበስራለሁ።