ምክንያቱ የማን ነው? የጉባኤ መክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንደምን አደራችሁ።

ከመጡት በፊት ላልመጡት ሰላምታዬን ላቅርብ። ከሞጣና ከደጀን በኩል ሊመጡ ተነሥተው በመንገድ ምክንያት የቀሩ ባልደረቦች አሉን። ወንበሮቻቸው እዚያ ከፊት ናቸው፤ ማንም እንዳያነሣቸው አደራ ብያለሁ። ከጮቄ የሚወርደው የደብረ ማርቆስ የጠዋት ብርድ እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ጋቢ ያልያዘ እንግዳ ካለ አስተናባሪዎቹን ይጠይቅ።

የዓመቱን የሥራ ሪፖርት ከሻይ በኋላ ጸሐፊያችን ያቀርቡልናል፤ ከቁጥር ጋር የሚስማሙት እርሳቸው ናቸው። እኔ የማነሣው የአንድ የሥነ ልቦና ተመራማሪን ሥራ ነው። ሰውየው ኬነን ሼልደን ይባላሉ፤ አሜሪካዊ ናቸው፤ ረጅሙን የሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉት በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ለምን እንደማነሣቸው ለማስረዳት ግን ከራሴ ልጀምር።

እኔ ሳይኮሎጂን አልመረጥኩትም። በምርጫ ቅጹ ላይ አራተኛው መስመር ባዶ እንዳይሆን የጻፍኩት የትምህርት ክፍል ነው፤ የተመደብኩትም እርሱ ላይ ነው። ሳቃችሁን ስሰማ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ይገባኛል። በመጀመሪያው ዓመት ወደ ክፍል የምገባው ላለመባረር ነበር። በሁለተኛው ዓመት አባቴን ላለማሳፈር ሆነ። መጽሐፉን ማንም ሳያዝዘኝ የከፈትኩበትን ቀን በትክክል አላስታውሰውም፤ ከዚያ ወዲህ ግን አልዘጋሁትም። ሼልደንን ሳነብ የተገረምኩት ይህን የእኔን መንገድ ደረጃ በደረጃ ሲለኩት ማየቴ ነው።

የሚለኩት እንዲህ ነው። ሰውየውን አስቀምጠው በሕይወትህ ልታሳካ የምትጥራቸውን ነገሮች በራስህ ቃል ጻፍ ይሉታል። ግቡን የሚጽፈው ባለቤቱ ነው፤ ከተዘጋጀ ዝርዝር አይመርጥም። ይህን መንገድ ከእርሳቸው በፊት ሮበርት ኤመንስ የተባሉ ተመራማሪ ጀምረውት ነበር። ሼልደን የጨመሩት በእያንዳንዱ ግብ ፊት ለፊት የሚቀመጠውን ጥያቄ ነው፦ ለምን? መልሱ አራት ዓይነት ሊሆን ይችላል። ሌላ ሰው ስለፈለገው ወይም ሁኔታው ስላስገደደኝ፤ ባላደርገው ስለማፍር ወይም ስለምጨነቅ፤ ይጠቅማል ብዬ ስላመንኩበት፤ ሥራው ራሱ ደስ ስለሚለኝ። ለእያንዳንዱ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የኋለኞቹ ሁለት ይደመራሉ፤ የፊተኞቹ ሁለት ከድምሩ ይቀነሳሉ። የሚገኘው ቁጥር ግቡ ምን ያህል የራስ እንደሆነ ይናገራል።

የሁለተኛውን ምክንያት የእንግሊዝኛ ስያሜ ለማስረዳት የውጭዎቹ መጻሕፍት ገጽ ሙሉ ይፈጃሉ። እኛ አንድ ቃል አለን፤ ይሉኝታ። «እንዲህ ይሉኛል» ከሚለው የወጣ ቃል ነው። የሚሉት ሰዎች ከአጠገባችን የሉም፤ ድምፃቸው ግን ውስጣችን ገብቶ ያዝዛል። ማንም በዱላ አያስገድደንም፤ ወደን ነው ለማለትም አፋችን አይሞላም። እውነቱን ልናገርና፣ ይህን ነገር የእኛ ገበሬ ከተመራማሪዎቹ ቀድሞ ስም አውጥቶለታል።

ለሌላው ቃላቸው ግን እኔም እቸገራለሁ። ሼልደን ተመርቀው ወደ ሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ በተሻገሩበት ጊዜ አብረዋቸው የሠሩት ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን ሰው ሦስት ነገር ካላገኘ አይጠግብም ይላሉ። ሁለቱ ቀላል ናቸው፤ እችላለሁ ማለትና የእኔ የሚለው ሰው ማግኘት። ሦስተኛውን፣ በእንግሊዝኛው «ኦቶኖሚ» የሚሉትን፣ «ራስ ገዝ» ብላችሁ ብትተረጉሙት ተማሪው ስለ ክልል አስተዳደር የምታወሩ ይመስለዋል። «ራስን መቻል» ብትሉት ደግሞ የቤት ኪራይ መክፈል ይሆናል። እኔ የምመርጠው «ወዶ» የሚለውን ነው። ወዶ ዘማች እንላለን። ወዶ ዘማች ከጓደኞቹ ተነጥሎ ለብቻው አይሄድም፤ እኩል ይሰለፋል፣ እኩል ይታዘዛል፤ ማንም ጎትቶ ግን አላመጣውም። ይህ አሳብ የፈረንጅ ግለኝነት ነው፣ ለእኛ አይሆንም የሚሉ ባልደረቦች እዚህ እንዳሉ አውቃለሁ። ከሰዓት በኋላ እንከራከርበታለን፤ ለዛሬው ግን የአባቴን ነገር ስሙልኝ።

አባቴ ከቢቸና አካባቢ ናቸው። በልጅነታቸው ከብቱን ሜዳ ላይ ትተው በሌሊት ጠፍተው ዋሸራ ቅኔ ቤት ገቡ። የበግ ለምድ፣ አኩፋዳ፣ ለውሻ የሚሆን ዱላ፤ ንብረታቸው ይኸው ነበር። ቀን ዛፍ ሥር ብቻቸውን ተቀምጠው ቅኔ ሲቆጥሩ ይውላሉ፤ ማታ ለመምህሩ ይነግራሉ። ሁለት ቤት ብቻ ያላትን ጉባኤ ቃና ቀኑን ሙሉ ደክመውባት ሲያቀርቡ፣ መምህሩ አንዷን ቃል ብቻ አንሥተው ሲያርሙ ሁለቱም ቤት ይፈርሳል። በማግሥቱ እንደገና ነው። ምን ይገኝበታል ብለው ቆጥረው እንደሆነ ብጠይቃቸው «ትጣፍጠኝ ነበር» አሉኝ፤ ስለ እህል የሚያወሩ ይመስሉ ነበር። ከጓደኞቻቸው መካከል አባታቸው በስለት የላካቸውም ነበሩ። አንዳንዶቹ መኸር ሲደርስ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ከመካከላቸው አንዱ ግን ተገዶ ገብቶ፣ እያደር ወድዶት፣ ከሁሉም በላይ ሊቅ ሆነ። አራተኛ ምርጫው ላይ ለተመደበ ሰው ከዚህ የተሻለ የምሥራች አላገኘሁም።

ወደ ሼልደን ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1999 ከአንድሩ ኤሊየት ጋር ያሳተሙት ጥናት ሰዎችን በጊዜ ሂደት የተከታተለ ነበር። የራሱን ግብ የያዘ ሰው ጥረቱን ሳያቋርጥ ይገፋበታል፤ በዚህም ምክንያት ይበልጥ ይሳካለታል። ሲሳካለትም ስኬቱ ይመግበዋል። የሌላውን ግብ ተሸክሞ የደረሰ ሰው ግን ያንኑ ያህል አይጠግብም። ደርሶም ይራባል ማለት ነው።

ቀጥሎ ያነበብኩት ሥራቸው ስለ ሕግ ባለሙያዎች ነው። «በላ ልበልሃ» ሲባል ባደገ አገር የጥብቅና ክብር ትልቅ ስለሆነ ጆሮዬን ሰጠሁት። ላውረንስ ክሪገር ከተባሉ የሕግ መምህር ጋር ሆነው የሕግ ተማሪዎችን ተከታተሉ፤ ተማሪዎቹ ሲገቡ ደኅና ነበሩ፤ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ደስታቸው ወረደ። እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት ጥናት ደግሞ ከ6,000 የሚበልጡ የሕግ ባለሙያዎችን ያካተተ ነበር። ገቢና በትምህርት ቤት ከክፍሉ የወጡበት ደረጃ ከደስታ ጋር ያላቸው ዝምድና ደካማ ሆኖ ተገኘ። በአነስተኛ ደመወዝ ለሕዝብ የሚሠሩት ዝነኛ ቦታ ከያዙት ይልቅ ደስተኞች ነበሩ። ወላጅ ስብሰባ ላይ ይህን ስናገር አንድ አባት «ደመወዙን ለእኔ ይስጡኝና እኔ ልዘን» ብለውኛል። ያሉት ውሸት የለበትም፤ ድኃ ገንዘብ አይጠቅመኝም አይልም፤ ተመራማሪዎቹም አላሉም።

ስለ ሽልማት አንድ ነገር ብቻ። እ.ኤ.አ. በ1971 ዴሲ ባሳተሙት ሙከራ ተማሪዎች ቅርጽ የሚገጣጠምበት የእንቆቅልሽ ጨዋታ ተሰጣቸው። አንደኛው ቡድን በመካከል ለፈታው ለእያንዳንዱ አንድ ዶላር ተከፈለው። ክፍያው ከቆመ በኋላ ሞካሪው ለ8 ደቂቃ ክፍሉን ለቅቆ ወጣ፤ ጠረጴዛው ላይ መጽሔት አለ፣ እንቆቅልሹም አለ። ተከፍሎት የነበረው ቡድን እንቆቅልሹን የሚነካበት ጊዜ ከቀድሞው ቀነሰ። አንደኛ ከወጣህ ስልክ እገዛልሃለሁ የምንል ወላጆች ብናስብበት ጥሩ ነው። እኔም ብያለሁ፤ ገዝቻለሁም።

አሁን ወደ ሥራችን። በ2015 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስደው የማለፊያ ነጥብ ያገኙት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በእኛ አካባቢ ደግሞ ትምህርት ቤት ተዘግቶ የፈተናውን ወረቀት እንኳ ያላዩ ልጆች አሉ። ግባቸው አንዲት መስመር ብቻ ለነበረች ልጆች ምን እንላለን? በርቱ ማለት ሰልችቶኛል፤ እነርሱንም ሰልችቷቸዋል።

አንዲት ተማሪ ቢሮዬ መጣች። ከደብተሯ ቅጠል ቀድዳ አምስት ግብ እንድትጽፍ ጠየቅኋት። አንደኛው ላይ «ሐኪም መሆን» ጻፈች፤ ከጎኑ «አባቴ ስላለ»። እስክሪብቶው አላመነታም። አምስተኛው ላይ ግን ቆየች፤ ከዚያ «ታናሽ ወንድሜን ማንበብ ማስተማር» አለች። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ጀምሮ ማታ ማታ በኩራዝ ታስተምረው ነበር። ለምን ብላት ሳቀች እንጂ መልስ አልጻፈችም።

ሕክምናውን ተዪው አላልኳትም፤ አማካሪ እንዲህ ማለት የለበትም ብዬ አምናለሁ። በሕክምና ውስጥ የአንቺ የምትዪው ነገር አለ ወይ አልኳት። ቆይታ፣ አያቷ ታመው ጤና ጣቢያ በሄዱ ጊዜ ምን እንደያዛቸው የሚያስረዳቸው ሰው እንዳልነበረ ነገረችኝ። «እኔ ብሆን አስረዳ ነበር» አለች። «አባቴ ስላለ» የሚለውን ሰርዛ በላዩ ላይ ይህንን ጻፈች፤ ግቡ ግን እንደነበረ ቀረ። ዛሬ የት እንደደረሰች አላውቅም፤ ስልኳ አይሠራም።

ክቡራንና ክቡራት፣ በመርሐ ግብሩ ወረቀት ጀርባ ላይ ያለው ባዶ ቦታ የማተሚያ ቤት ስሕተት አይደለም። አምስት ግብ ጻፉበት፤ በየጎኑም ለምን እንደሆነ። ማንም አይሰበስበውም። እኔ የራሴን ትናንት ማታ ጽፌዋለሁ፤ አንዱን ላንብብላችሁ። ይህን ሊቀ መንበርነት ለሁለተኛ ጊዜ የተቀበልኩት እንቢ ብል ምን ይሉኛል ብዬ ነው። ስለዚህ ከምሳ በኋላ በሚደረገው ምርጫ ስሜን እንዳትጠሩ፤ ብትጠሩትም አልነሣም።

ጉባኤው ተከፍቷል። ሻይ በስተኋላ በኩል ነው።