የማስታገሻ ሕክምናን ማን ይማረው?

[ምስል፦ የዓለም ካርታ፣ ቁጥሮቹ በተራ ይታያሉ]

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው፣ በየዓመቱ 56.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የማስታገሻ ሕክምና፣ ማለትም ከባድ ሕመም ያለበትን ሰው ሥቃይ የሚያቃልል ክብካቤ፣ ያስፈልጋቸዋል፤ የሚያገኙት ግን ከመቶ 14 ያህሉ ብቻ ናቸው። ሕክምናው ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት በመጨረሻው የሕይወት ዓመታቸው ላይ አይደሉም፤ ስለዚህ ሕክምናው ሞት አፋፍ ላይ ለደረሰ ሰው ብቻ የሚሰጥ ሳይሆን፣ ካንሰር፣ የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ከዋናው ሕክምና ጎን ለጎን ሊያገኘው የሚገባ ነው።

ይህን ሁሉ ሕመምተኛ ስፔሻሊስቶች ብቻቸውን ሊከታተሉት አይችሉም። የድርጅቱ ከፍተኛ የውሳኔ አካል የሆነው የዓለም ጤና ጉባኤ በ2014 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው ውሳኔ መሠረታዊው ሥልጠና በሐኪሞችና በነርሶች መደበኛ ትምህርት ውስጥ እንዲካተት፣ መካከለኛው ለሕይወት አስጊ ሕመም ያለባቸውን አዘውትረው ለሚያክሙ፣ ከፍተኛው ደግሞ ውስብስብ ሁኔታዎችን ለሚይዙ ባለሙያዎች እንዲሰጥ ጠይቋል። እኛ በዚህ ቪዲዮ የምናተኩረው በመጀመሪያው ላይ ነው፤ ሕመምተኛው አስቀድሞ የሚያገኘው ተራውን ነርስና ጠቅላላ ሐኪሙን ነውና።

[ምስል፦ የሚዋጥ ፈሳሽ ሞርፊን]

መሠረታዊው ሥልጠና በቅድሚያ የሚገጥመው ፍርሃትን ነው። ሞርፊን የተባለው ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ሱሰኛ ያደርጋል፣ ሞትን ያፋጥናል ብሎ የሚሰጋ ባለሙያ፣ መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ እያለ እንኳ አያዘውም። ሠልጣኙ በዝቅተኛ መጠን መጀመርን፣ ፈጥኖ የሚሠራውን የሚዋጥ ሞርፊን ሕመሙ እስኪያገረሽ ሳይጠብቁ በየአራት ሰዓቱ መስጠትን፣ እንደ ሕመሙ ጽናት መጠኑን እየለኩ መጨመርን ይማራል፤ የሆድ ድርቀት የማይቀር ስለሆነም ማለስለሻ አብሮ ማዘዝን ይለምዳል። ይህ በንግግር ብቻ የሚገባ አይደለም፤ ሠልጣኙ ልምድ ባለው ባለሙያ ሥር፣ ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ሆኖ ሊሠራው ይገባል።

መጥፎ ዜና መንገርም እንዲሁ ነው። ሕመምተኛው ምን እንደሚያውቅና ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ አስቀድሞ መጠየቅ፣ ከተናገሩ በኋላም ዝም ብሎ መጠበቅ፣ በተውኔት መልክ ደጋግሞ በመለማመድ የሚገኝ ችሎታ ነው። ብዙ የሥልጠና መርሐ ግብሮች ለዚህ የሚመድቡት ሰዓት በጣም አነስተኛ መሆኑ ያሳስበናል።

[ምስል፦ ነርስ የሐኪም ማዘዣ ወረቀት ስትሞላ]

ሥልጠናው ፍሬ የሚያፈራው ግን ሕጉ ሲፈቅድለት ነው። ዩጋንዳ በ2004 እ.ኤ.አ. ደንቧን በማሻሻል በማስታገሻ ሕክምና የሠለጠኑ ነርሶችና ክሊኒካል ኦፊሰሮች (ሐኪም ሳይሆኑ ሕመምተኛ የሚመረምሩና የሚያክሙ ባለሙያዎች) ሞርፊን እንዲያዙ ፈቅዳለች፤ በዚህም ሐኪም በሌለበት አካባቢ የሠለጠነው ሰው የተማረውን ሥራ ላይ ማዋል ችሏል።