የሮያሊቲ መብት ስለመሸጥና ገዥን ስለመመርመር፦ በዳላስና በፎርት ወርዝ አካባቢ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤

በዚህ አዳራሽ ካላችሁት መካከል በአርሊንግተን፣ በፎርት ወርዝና በዙሪያቸው ቤት የገዛችሁ ብዙዎች ናችሁ። ከእናንተም አንዳንዶቻችሁ ባርኔት ሼል ከሚባለው ዓለት ከሚወጣው የተፈጥሮ ጋዝ ትንሽም ብትሆን የሮያሊቲ ቼክ (ኩባንያው ከጋዙ ሽያጭ ለማዕድኑ ባለቤት የሚከፍለው ድርሻ) ትደርሳችኋለች። ታክስ ስሠራላችሁ ከወረቀቶቻችሁ መካከል ደጋግሜ የማየው ደግሞ «የሮያሊቲ መብትዎን እንገዛለን» የሚል ደብዳቤ ነው፤ ፈርማችሁ የምትመልሱት ሰነድ አብሮት ይመጣል፣ ስማችሁ የታተመበት የክፍያ ወረቀትም ተያይዞበታል። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ደብዳቤ ነው።

መሸጥ ስህተት ነው ልላችሁ አልመጣሁም። ዕዳ ያለበት፣ ልጅ የሚያስተምር ወይም በየዓመቱ ከጥቃቅን ቼክ ጋር የሚመጣው የታክስ ወረቀት የሰለቸው ሰው ቢሸጥ የሚያስወቅሰው ነገር የለም። የምለምናችሁ ያላችሁን ሳታውቁ እንዳትሸጡ፣ ገዥውንም ሳትመረምሩ እንዳትፈርሙ ነው።

ብዙዎቻችን ይህን ንብረት አቅልለን የምናየው ያደግንበት ሕግ ሌላ ስለሆነ ይመስለኛል። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ከግቢው ሥር ያለውን ማዕድን ለብቻው የሚሸጥ ገበሬ አናውቅም። በቴክሳስ ግን ከመሬት በታች ያለው ሀብት የግል ንብረት ሊሆን ይችላል፤ ከመሬቱ ገጽ ተነጥሎም ይሸጣል፣ ይወረሳል። ስለዚህ ቤቱ የእናንተ ሆኖ ማዕድኑ የሌላ ሰው የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ በአዳዲስ መንደሮች ቤቶቹን የሠራው ድርጅት ማዕድኑን ለራሱ ማስቀረቱ የተለመደ ነው። ቤታችሁን ሸጣችሁ ስትሄዱ ማዕድኑን ለራሳችሁ ካስቀራችሁም ከቤቱ ከወጣችሁ በኋላ የእናንተው እንደሆነ ይቀጥላል።

ያላችሁ ነገር ምን ያህል እንደሆነ በምሳሌ ላሳያችሁ። የቤታችሁ መሬት የኤከር አንድ አምስተኛ ነው እንበል፤ ጉድጓዶቹ የሚገኙበት ዩኒት (ጋዙ በጋራ እንዲወጣ የብዙ ባለቤቶች መሬት የተጠቃለለበት ክልል) 400 ኤከር ቢሆንና ኩባንያው ጋዙን እንዲያወጣ በተፈቀደበት ውል፣ በሊዙ፣ የተፈረመው ሮያሊቲ 25 በመቶ ቢሆን፣ የእናንተ ድርሻ 0.000125 ይሆናል። ዩኒቱ በአንድ ወር የአንድ ሚሊዮን ዶላር ጋዝ ቢሸጥ የሚደርሳችሁ 125 ዶላር ነው፤ ከዚያም ላይ የቴክሳስ መንግሥት በጋዝ ላይ የሚጥለው 7.5 በመቶ ታክስ፣ እንደ ሊዙ አጻጻፍም ሌላ ወጪ ይቀነሳል። ይህ የአስርዮሽ ቁጥር ከቼኩ ጋር በሚመጣው ዝርዝር ላይ ተጽፏል። ቢያንስ የአንድ ዓመት ዝርዝር ሳትሰበስቡ ስለ ዋጋ አትነጋገሩ። በሼል ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ምርቱ በብርቱ ያሽቆለቁላል፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ቀስ እያለ ይቀንሳል። ስለዚህ የአንድ ወር ቼክ ብቻ አይታችሁ ብትስማሙ የተሳሳተ ግምት ትይዛላችሁ።

ደብዳቤው ለምን አሁን መጣ? እኔ ከሁሉ በላይ እንድትጠይቁት የምፈልገው ይህን ነው። አዲስ ጉድጓድ ለመቆፈር የሚፈልግ ኩባንያ ከቴክሳስ ሬልሮድ ኮሚሽን ፈቃድ መውሰድ አለበት፤ ስሙ የባቡር መሥሪያ ቤት ቢያስመስለውም የነዳጅና የጋዝ ተቆጣጣሪው እሱ ነው። ፈቃዱ ለሕዝብ ክፍት ሲሆን በኮሚሽኑ ካርታ ላይ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊያየው ይችላል። መብት መግዛት ሥራቸው የሆነ ሰዎች ይህን ካርታ በየጊዜው ይከታተላሉ፤ እናንተ ግን የምታዩት ያለፈውን ወር ቼክ ነው። በዩኒታችሁ ውስጥ አዲስ ፈቃድ ወጥቶ ከሆነ፣ በአሮጌው ጉድጓድ ቼክ የተሰላ ዋጋ ገና የሚቆፈረውን በነፃ ይወስዳል። የገበያውንም ሁኔታ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 20 ቀን 2020 የአሜሪካ ድፍድፍ ነዳጅ የግብይት ዋጋ ከዜሮ በታች ወርዶ 37.63 ዶላር ኔጌቲቭ ላይ ተዘጋ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ በርሜሉ ከ100 ዶላር በላይ ወጣ። በዚያ የድንጋጤ ወቅት ለመሸጥ የተቻኮለ ሰው ያጣውን መገመት አያዳግትም።

አሁን ወደ ገዥው ልምጣ። በቴክሳስ ቤት የሚያሻሽጥ ደላላ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የማዕድን መብት ሽያጭ ግን ከዚያ ሕግ ውጭ ነው። ስለዚህ ደብዳቤ የጻፈላችሁን ሰው አስቀድሞ የመረመረላችሁ የፈቃድ ሰጪ አካል የለም፤ ምርመራው የእናንተ ነው። ድርጅቱ በሕግ የቆመ መሆኑን በቴክሳስ ኮምፕትሮለር (የግዛቱ የታክስና የሒሳብ መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ ስሙን አስገብታችሁ ታረጋግጣላችሁ። ከዚያ በካውንቲ ክለርክ (የአካባቢው የንብረት ሰነዶች በሚመዘገቡበት ቢሮ) መዝገብ በስሙ የተመዘገቡትን ሰነዶች ተመልከቱ። ለዓመታት በራሱ ስም ገዝቶ የያዘ ነው? ወይስ በገዛ በሳምንታት ውስጥ ለሌላ የሚያስተላልፍ? የሚያስተላልፍ ከሆነ መካከለኛ ነው፤ የመጨረሻው ገዥ ከሚከፍለው ላይ የራሱን ትርፍ ይቀንሳል ማለት ነው። መካከለኛ መሆን ወንጀል አይደለም፤ ነገር ግን ዋጋ ከሌሎች ሁለት ወይም ሦስት ገዥዎች ሳትጠይቁ ከእርሱ ጋር አትስማሙ። በዲስትሪክት ፍርድ ቤት ተከሶ እንደሆነም ፈልጉ፤ ከዚህ በፊት የሸጡለትን ሰዎች እንዲያገናኛችሁ ጠይቁት። «በአምስት ቀን ካልፈረሙ ዋጋው ይወርዳል» የሚላችሁን፣ ወይም ገና ሳትስማሙ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሚጠይቃችሁን ሰው ተጠራጠሩት። መብታችሁን ልሽጥላችሁ ብሎ አስቀድማችሁ ክፍያ እንድትልኩ የሚጠይቃችሁን ግን ጨርሶ አታነጋግሩት።

ከደብዳቤው ጋር የሚመጣው የክፍያ ወረቀት ብዙ ጊዜ ድራፍት ነው፤ ማለትም ገዥው ሲቀበለው ብቻ የሚከፈል የክፍያ ትእዛዝ። ቼክ ስለሚመስል ሰው ይታለልበታል። ድራፍት ላይ «በ30 የሥራ ቀን» የሚል ቃል ሊኖር ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ገዥው ባለቤትነታችሁን ያጣራል፣ አንዳንዱም ሌላ ገዥ ይፈልጋል፣ ካልተስማማውም ሳይከፍል ይተወዋል። እናንተ ግን የተፈረመና በኖተሪ የተረጋገጠ የስም ማዛወሪያ ሰነድ በእጁ ሰጥታችኋል። ስለዚህ ሰነዱና ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ይለዋወጡ፤ ወይም ሁለቱም በኤስክሮው፣ ማለትም በገለልተኛ ሦስተኛ ወገን ዘንድ፣ ይቀመጡ። ይህን የሚቃወም ገዥ ሌላ ምክንያት ቢደረድርላችሁም አትቀበሉት።

ሰነዱን በጠበቃ አስነብቡ፤ በነዳጅና ጋዝ ሕግ ላይ የሚሠራ መሆን አለበት። አንድ ዩኒት የሸጣችሁ መስሏችሁ በመጨረሻ «በካውንቲው ውስጥ ያለኝን መብት በሙሉ» የሚል ሐረግ ልታገኙ ትችላላችሁ። ሽያጩ ተፈጻሚ የሚሆንበት ቀን ወደ ኋላ የተጻፈ ከሆነ ያልተከፈላችሁ የወራት ገቢ አብሮ ይሄዳል። ሮያሊቲውን ብቻ ለመሸጥ አስባችሁ ማዕድኑን በሙሉ ከሸጣችሁ ደግሞ ወደፊት ሊዝ የመፈረምና የፊርማ ቦነስ የማግኘት መብታችሁም አብሮ ይጠፋል። የቴክሳስ የንብረት ሕግ በፖስታ የግዢ ጥያቄ ከነሰነዱና ከነክፍያው የሚልክ ሰው መብታችሁን እየሸጣችሁ መሆኑን በጉልህ ፊደል እንዲጽፍ ያስገድዳል፤ ይህን ሳያደርግ የገዛውን ሰው ከ30 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ በኋላ መክሰስ ይቻላል። «የሮያሊቲ ሊዝ» ተብሎ የሚመጣ ወረቀትም ስሙ ሊዝ ሆኖ ሳለ ሽያጭ ሊሆን ስለሚችል በተለይ ተጠንቀቁበት።

ቤተሰብን በሚመለከት በአጭሩ ልናገር። በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት በቴክሳስ በመርህ ደረጃ የሁለቱም በመሆኑ ባልና ሚስት አብረው ይምከሩበት፣ አብረው ይፈርሙ። ወላጅ አርፎ ወራሾቹ ከፊሎቹ አዲስ አበባ የሚኖሩ ከሆነ ማንም ወንድም ያለ ሕጋዊ ሥልጣን ብቻውን የሁሉንም ድርሻ ሊሸጥ አይችልም፤ ከአገር ቤት የሚላክ ውክልናም ለዚህ ንብረትና ለዚህ ሽያጭ ብቻ ተወስኖ ይጻፍ። በውርስ የመጣ መብት ሲሸጥ የታክሱ መነሻ አውራሹ ባረፈበት ቀን የነበረው የገበያ ዋጋ ስለሆነ፣ በዚያ ቀን የተሠራ ግምት ካለ አትጣሉት፤ ብዙ ታክስ ሊያድንላችሁ ይችላል።

ከሽያጩ በኋላ ሰነዱ በካውንቲው መመዝገቡን ተከታተሉ፤ ጉድጓዱን ለሚያስተዳድረው ኩባንያም በጽሑፍ አሳውቁ፤ አለበለዚያ የሸጣችሁት መብት ገቢ በስማችሁ ለታክስ መሥሪያ ቤት መመዝገቡን ሊቀጥል ይችላል። ዛሬ ደብዳቤውን ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ከስብሰባው በኋላ አብረን እናነበዋለን፤ የፈረማችሁትና ገና ያልላካችሁት ሰነድ ካለም ከመላካችሁ በፊት አሳዩኝ። ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።