ለጋሼ የመለስኩላቸው መልስ

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ ሌላ ጉዳይ ልናገር አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ባለፈው እሑድ ለጋሼ የሰጠኋቸው መልስ እንቅልፍ ስለነሳኝ፣ እሱን ሳላነሣ መቀጠል አልቻልኩም።

ያቺን ብርቱካናማ ሸቭሮሌት ቬጋ መኪናቸውን ታውቋታላችሁ። እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አሮጌ መኪኖች በሚሰበሰቡበት ሜዳ፣ ከአንድ የ1969 ሸቭሮሌት ካማሮ አጠገብ አቁመዋት ነበር፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው። በካማሮው መስታወት ላይ፣ በዚህ ቀለም፣ በዚህ ማርሽና በዚህ ጣሪያ የተሠራ ብቸኛው መኪና መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ተለጥፏል። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን እስከ መጨረሻው ካነበቡ በኋላ፣ አውራ ጣታቸውን በቬጋዋ የፊት ፓራፋንጎ ጠርዝ ላይ ቀስ አድርገው እያሳለፉ፣ «የእኔዋስ ብርቅ አይደለችም ትላለህ?» አሉኝ። እኔም ምንም ሳላመነታ፣ «ጋሼ፣ ቬጋ እኮ ከ1971 እስከ 1977 ሞዴል ድረስ ወደ 2 ሚሊዮን ገደማ የተሠራች መኪና ናት፤ ብርቅ አትባልም» አልኳቸው። «እንዲያ ከሆነ እሺ» አሉና ጣታቸውን አነሡ።

ያ ጣት ከዓይኔ አልጠፋም። የቬጋ የፊት ፓራፋንጎ ዝገት ቶሎ የሚበላው ቦታ ነው፤ ከአልሙኒየም የተሠራው ሞተሯም ሙቀት ሲበዛበት ስለሚበላሽ፣ አብዛኞቹ ቬጋዎች ገና በጊዜያቸው ወደ ቁርጥራጭ ብረት ሄደዋል። ጋሼ የዳሰሱት ያንን ሳይዝግ የቀረ ጠርዝ ነበር። በዚያ ሜዳ ላይ ካማሮ ስድስት ቆጥሬያለሁ፤ ቬጋ ግን የእሳቸው ብቻ ነበረች።

የካማሮውን ወረቀትስ ማን ቆጥሮ ጻፈው? ፎርድ ከ1967 ወዲህ ያሉ መኪኖቹ ዝርዝር መዝገብ ተርፎለታል፤ ሸቭሮሌት ግን የዚያን ዘመን እያንዳንዱ መኪና በምን ቀለምና በምን ማርሽ እንደወጣ የሚያሳይ የተሟላ መዝገብ አላቆየም። ደግሞም በቀለም፣ በወንበር፣ በሬዲዮ እየከፋፈልን ከሄድን የማንኛውም ሰው መኪና ብቸኛ ትሆናለች። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ታዲያ ወረቀቱን ሳልጠይቅ ጋሼን ለምን አረምኩ?

እርግጥ ነው፣ ቁጥር ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ታከር የሚባለው መኪና በ1948 የሙከራውን መኪና ጨምሮ 51 ብቻ ነው የተሠራው፤ ይህን ማን ይክዳል? ይሁን እንጂ የቁጥር ማነስ ራሱ ብዙ ጊዜ የዚያን ዘመን ሸማች እምቢታ ነው። ዜድ ኤል 1 የተባለው የ1969ኙ ካማሮ ዓይነት ዋጋው ውድ ስለነበረ 69 ብቻ ተሠርቶ፣ ከእነዚያም አንዳንዶቹ ነጋዴው ደጅ ገዢ አጥተው ቆመው ነበር። ኤድሰል የተባለው መኪና የ1960 ጣሪያ ተከፋችም 76 ብቻ ነው፤ በቁጥር ይቀራረባሉ፣ በዋጋ ግን አይገናኙም። ስለዚህ ብርቅ የሚባለው ጥቂት የተሠራው ነው፣ ጥቂት የተረፈው ነው ወይስ ብዙ ሰው የሚመኘው? አንዳንድ ቀን የተረፈው ነው እላለሁ፤ ደግሞ ማንም የማይፈልገው ነገር ስለተረፈ ብቻ... አላውቅም።

ትናንት ደወልኩላቸው። ስለ ዝናቡ አጫወቱኝ፣ ስለ ልጆቹ ጠየቁኝ፤ ስለ መኪናዋ ግን አላነሡም። እኔም በሚቀጥለው እሑድ ያወጧት እንደሆነ ልጠይቃቸው ብዬ፣ ልክ አፌ ላይ ሲደርስ...