ጉልበተኛው ፕላዝሚድና ፍሬኑ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ፕላዝሚድ፣ ማለትም ባክቴሪያ ውስጥ ከክሮሞዞሙ ተለይቶ ስለሚኖር ትንሽ ክብ ዲኤንኤ ነው፤ ያውም ሰው ያሻሻለውን ፕሮቲን ኢ ኮላይ በተባለው ባክቴሪያ ውስጥ አስመርተን ለምርምር ስለምንጠቀምበት ዓይነት ፕላዝሚድ። ቁጥር ስለማበዛ ወረቀትና እስክሪብቶ አጠገባችሁ ቢኖር ጥሩ ነው።

የማስበውን ከመጀመሪያው ልናገር። ፕሮቲን አልወጣ ሲል ብዙ ሰው የሚሮጠው ጉልበት ለመጨመር ነው። ጂኑን የሚያስነሳውን ኬሚካል፣ አይፒቲጂን፣ ይጨምራል፣ ሰዓት ያራዝማል፣ ባክቴሪያው እየተናወጠ የሚያድግበትን ማሽን፣ ሻከሩን፣ 37 ዲግሪ ላይ ይተወዋል። እኔ ግን ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከጉልበት ማነስ ሳይሆን ከጉልበት መብዛት ነው ባይ ነኝ። ዛሬ በእጃችን ያሉት ፕላዝሚዶች በጣም ጉልበተኞች ናቸው። የእኛ ሥራ ፍሬኑን ማወቅ ነው።

ለምን እንደዚህ እንደምል ለማስረዳት ፔት የተባለውን በጣም የተለመደ የፕላዝሚድ ቤተሰብ ልውሰድ። መሠረቱ የተጣለው በ1986 በአሜሪካ፣ በብሩክሄቨን ብሔራዊ ላብራቶሪ ነው፤ ስቱዲየርና ሞፋት ባሳተሙት ሥራ። ሐሳቡ ቲ7 ከሚባለው ባክቴሪያ አጥቂ ቫይረስ የተወሰደ ነው። ቲ7 የራሱ አር ኤን ኤ ፖሊሜሬዝ፣ ማለትም ጂንን ወደ አር ኤን ኤ የሚገለብጥ ኤንዛይም፣ አለው፤ ከኢ ኮላይ ፖሊሜሬዝ በብዙ እጥፍ ይፈጥናል፣ ከራሱ ፕሮሞተር፣ ማለትም ጂን መነበብ ከሚጀምርበት የዲኤንኤ ቦታ፣ በስተቀርም ሌላ ፕሮሞተር አያውቅም። የባክቴሪያው ፖሊሜሬዝም በበኩሉ የቲ7ን ፕሮሞተር አያነብም። ስለዚህ ጂናችሁን ከቲ7 ፕሮሞተር በታች አስቀምጣችሁ ዲኤች5 አልፋ በተባለው የኢ ኮላይ ዝርያ ውስጥ ብትከቱት ዝም ብሎ ይቀመጣል። ያንኑ ፕላዝሚድ ቢኤል21 ዲኢ3 ውስጥ ስትከቱት ግን ታሪኩ ይለወጣል፤ ይህ ዝርያ የቲ7 ፖሊሜሬዝን ጂን ክሮሞዞሙ ላይ ተሸክሟል፣ ጂኑን የሚያዝዘውም ላክ ዩቪ5 የተባለው ፕሮሞተር ነው። አይፒቲጂ ሲገባ ፕሮሞተሩን ዘግቶ የያዘው ላክ ሪፕረሰር ይለቃል፣ ፖሊሜሬዙ ይመረታል፣ እሱም የእናንተን ጂን እየደጋገመ ይገለብጣል። ሁሉ ነገር ከተሳካ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከሴሉ ጠቅላላ ፕሮቲን ግማሽ ያህሉ የእናንተው ሊሆን ይችላል።

ግማሽ! ሴሉ ግን የራሱም ኑሮ አለው። ራይቦዞሙም፣ አሚኖ አሲዱም፣ ፕሮቲን አጣጣፊዎቹ ሻፐሮኖችም ለእናንተ ጂን ብቻ የቆሙ አይደሉም።

የመጀመሪያው ችግር የሚመጣው ገና አይፒቲጂ ሳይገባ ነው። ላክ ዩቪ5 ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ትንሽ ያፈሳል። ፕሮቲናችሁ ሴሉን የማይጎዳ ከሆነ ማፍሰሱ ምንም አይደለም። የሚጎዳ ከሆነ ግን ፕላዝሚዱን የጣሉ ወይም ጂኑን በሚውቴሽን ያበላሹ ሴሎች በፍጥነት ይበዛሉ፤ ማታ የዘራችሁት ጠዋት ሌላ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ስቱዲየር በ2005 እንዳሳየው ደግሞ ከወተት ፕሮቲን የሚሠራው ትሪፕቶን ጥቂት ላክቶስ ስለሚኖርበት፣ ካልቸሩ፣ ማለትም በፈሳሽ የሚያድገው ባክቴሪያ፣ እየጠገበ ሲሄድ ማንም ሳያዘው ኢንዲውስ ሊሆን፣ ማለትም ማምረት ሊጀምር ይችላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ኮሎኒ የሚበቅልበት ፕሌትና ማታ የሚዘራው ትንሹ መነሻ ካልቸር፣ ስታርተሩ፣ ላይ ከ0.5 እስከ 1 በመቶ ግሉኮስ መጨመር፣ ስታርተሩንም ሲበዛ ከአንድ ሌሊት በላይ አለማቆየት። ይህ ካልበቃ ፒላይስኤስ የተባለውን ተጨማሪ ፕላዝሚድ የያዘ ዝርያ አለ፤ በትንሹ የሚያመርተው የቲ7 ላይሶዛይም ያፈሰሰውን ፖሊሜሬዝ ያስረዋል።

ስለ አንቲባዮቲክ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል። አምፒሲሊንን የሚቋቋመው ጂን ቤታ ላክታሜዝ ያመርታል፤ ኤንዛይሙ ወደ ሚዲያው ይወጣና መድኃኒቱን ይሰባብረዋል። ፕሌት ላይ ከትልቁ ኮሎኒ ዙሪያ የምታዩዋቸው ጥቃቅን ሳተላይት ኮሎኒዎች የዚህ ውጤት ናቸው፤ ፕላዝሚድ የላቸውም። በፈሳሹም ያው ነው። 100 ማይክሮግራም በሚሊ ሊትር ጨምራችሁ ያደረ ስታርተር ጠዋት ላይ መድኃኒቱ አልቆ ኤንዛይሙ ብቻ ተትረፍርፎ ይገኛል፤ እሱን እንዳለ ወደ ትልቁ ፍላስክ ብትደፉት አዲሱንም አምፒሲሊን ይበላዋል። ስለዚህ ስታርተሩን ሴንትሪፉጅ አድርጉ፣ የላዩን ሚዲያ ድፉ፣ ሴሉን በአዲስ ሚዲያ በትኑ። ወይም የተሻለ ዕድሜ ያለውን ካርቤኒሲሊን ተጠቀሙ። ካናማይሲን ይህ ጣጣ የለውም፤ የሚመክነው ሴሉ ውስጥ ስለሆነ ለጎረቤት አይተርፍም። ካናማይሲንን የሚቋቋመው ፔት-28ኤ የተባለው ፕላዝሚድ ላይ የተለመደው 50 ማይክሮግራም በሚሊ ሊትር ነው፤ አይፒቲጂ ሳይጨመር ካልቸሩ ራሱ ማምረት የሚጀምርበት፣ ፎስፌት የበዛበት የአውቶ ኢንዳክሽን ሚዲያ ከሆነ ግን ወደ 100 ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ኢንዳክሽኑ፣ ማለትም ጂኑን በአይፒቲጂ ወደማስነሳቱ። የቲ7 ጉልበት በ37 ዲግሪ ሲለቀቅ ፕሮቲኑ ታጥፎ ሳይጨርስ ሌላው ይደርስበታል፤ ያልታጠፉት ተጣብቀው ኢንክሉዥን ቦዲ ይሆናሉ። ሴሉን ሰብራችሁ ካሽከረከራችሁ በኋላ ከቱቦው ሥር ኖራ የመሰለ ነጭ ጠጣር ፔሌት ካያችሁ ፕሮቲናችሁ ያለው እዚያ ነው። በ8 ሞላር ዩሪያ ወይም በ6 ሞላር ጓኒዲን ይሟሟል፤ መልሶ ማጣጠፍ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ ሁልጊዜም አይሳካም። ከዚያ በፊት ሙቀት ቀንሱ።

ስለዚህ ሊትር ከማሳደጋችሁ በፊት ሁልጊዜ በትንሹ ሞክሩ። 50 50 ሚሊ ሊትር በ250 ሚሊ ሊትር ፍላስክ፤ ካልቸሩ ከፍላስኩ አንድ አምስተኛ ባይበልጥ ይመረጣል፣ አየር ይፈልጋል። በ37 ዲግሪ አሳድጉ፣ የካልቸሩ ድፍርስነት መለኪያ፣ ኦዲ 600፣ ከ0.6 እስከ 0.8 ሲደርስ 1 ሚሊ ሊትር አውጡና አስቀምጡ፤ ይህ ያልታዘዘው ናሙና ነው። ከዚያ አንዱን በ37 ዲግሪ ለ3 ሰዓት በ0.5 ሚሊሞላር አይፒቲጂ፣ ሌላውን በ30 ለ5 ሰዓት፣ ሦስተኛውን በ18 ዲግሪ ሌሊቱን ሙሉ በ0.1 ወይም 0.2 ሚሊሞላር ያዙ። ለ18ቱ ፍላስኩን መጀመሪያ ለ30 ደቂቃ አቀዝቅዙ፣ አይፒቲጂው ከዚያ በኋላ ይግባ። ሻከሩ የሚያሳየው የራሱን ሙቀት ነው፤ ውስጡ ያለው ካልቸር ገና ሞቅ ያለ ነው፤ በዚያ መሃል የተመረተው ፕሮቲን ኢንክሉዥን ቦዲ ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ ሌላውን ይጠራል።

ፕሮቲኖችን በመጠናቸው የሚለየው ጄል ላይ ስትጭኑ በኦዲ አመጣጥኑ። ኦዲው 4 የደረሰ ካልቸር ከ0.7ቱ እኩል መጠን ከተጫነ ሁሉም ባንድ የወፈረ ይመስላል። ኦዲ 1 በሆነ 1 ሚሊ ሊትር ልክ ሴል ሰብስቡ፣ 100 ማይክሮ ሊትር የናሙና ባፈር ጨምሩ፣ በ95 ዲግሪ ለ5 ደቂቃ አፍሉ፣ 10 ማይክሮ ሊትር ጫኑ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጠቅላላውን ብቻ አይታችሁ አትደሰቱ። ሴሉን ሰብራችሁ በ15,000 ጂ አሽከርክሩና የሟሟውንና የዘቀጠውን ለየብቻ ጫኑ። በጠቅላላው መስመር ላይ ወፍራም የሆነው የ37 ባንድ ከሟሟው መስመር ጠፍቶ፣ ቀጭኑ የ18 ዲግሪው ባንድ ግን ሙሉውን ሟሙቶ ማግኘት የተለመደ ነው። ቀጭኑን ምረጡ።

ፍሬን ዲኤንኤው ላይ እንዴት እንደሚጻፍ የሚያሳይ የምወደው ምሳሌ የቴቭ ፕሮቲኤዝ ፕላዝሚድ ነው። ቴቭ የትምባሆ ተክልን ከሚያጠቃ ቫይረስ የተገኘ፣ 27 ኪሎዳልተን የሚሆን ቆራጭ ኤንዛይም ነው፤ ግሉታሜት፣ አስፓራጂን፣ ሉሲን፣ ታይሮሲን፣ ፌኒልአላኒን፣ ግሉታሚን የሚለውን ተርታ ፈልጎ፣ ከግሉታሚኑና ከሚከተለው ግላይሲን ወይም ሴሪን መሃል ይቆርጣል። ታግን፣ ማለትም ለማጥራት ተብሎ ፕሮቲን ላይ የሚቀጠለውን ቁራጭ፣ ለማስወገድ ሁሉም ይፈልገዋል። ሁለት ጠባይ ግን ያስቸግራል፦ ብቻውን ሲመረት አብዛኛው አይሟሟም፣ ሲሟሟም ራሱን ይቆርጣል።

ፒአርኬ793 የተባለው ፕላዝሚድ ሁለቱንም ይፈታል። 219ኛው ሴሪን ወደ ቫሊን ተለውጧል፤ ራሱን የሚቆርጥበት ቦታ እዚያ ስለሆነ መቆራረጡ ይቆማል። ከፊቱ ኤምቢፒ ተቀጥሏል፤ 42 ኪሎዳልተን የሚመዝን፣ ማልቶስ የሚይዝ፣ በጣም የሚሟሟ የኢ ኮላይ ፕሮቲን ነው። በሁለቱ መሃል የራሱ የቴቭ መቁረጫ ቦታ አለ። ስለዚህ ገና ሴሉ ውስጥ እያለ ቴቭ በኤምቢፒ ታግዞ ይታጠፋል፣ ከዚያ ራሱን ከኤምቢፒው ቆርጦ ይለቃል፣ ከተለቀቀም በኋላ እንደሟሟ ይቆያል። ከፊቱ የሂስቲዲን ታግ፣ ከኋላው አምስት አርጂኒን ይዞ ይወጣል። የሚነዳው ፕሮሞተር ደግሞ ቲ7 ሳይሆን ለዘብ ያለው ታክ ነው። የቫይረሱ ጂን ኢ ኮላይ በጥቂቱ የሚጠቀምባቸውን ኮዶኖች፣ ማለትም ባለ ሦስት ፊደል የጂን ቃላት፣ ስለያዘ፣ አስተናጋጁ የአርጂኒን፣ የአይሶሉሲንና የሉሲን ተጨማሪ ቲ አር ኤን ኤ የሚሰጥ ቢኤል21 አርአይኤል ነው፤ ከአምፒሲሊኑ ጋር ወደ 30 ማይክሮግራም በሚሊ ሊትር ክሎራምፌኒኮል ይጨመራል። ኦዲ 0.5 አካባቢ ላይ ሙቀቱን ወደ 30 አውርዱ፣ 1 ሚሊሞላር አይፒቲጂ፣ 4 ሰዓት። ሙቀቱን ማውረዱን አትዝለሉት፤ በ37 የሚሟሟው ይቀንሳል።

ይህን ያህል የቆየሁበት ምክንያት አለኝ። ኤንዛይም በውጭ ምንዛሪ ገዝቶ በበረዶ ለሚያስመጣ ላብራቶሪ፣ አዲስ አበባም ይሁን ሌላ ቦታ፣ ፕላዝሚድ ትልቅ ነፃነት ነው። ዲኤንኤው ማጣሪያ ወረቀት ላይ ደርቆ በፖስታ ይጓዛል፤ አጋር ውስጥ የተወጋ ባክቴሪያም ያለ በረዶ መንገዱን ይችላል። ቴቭን አንዴ ካወጣችሁት በ50 በመቶ ግሊሰሮል ከፋፍላችሁ ታስቀምጡታላችሁ።

ማጥራቱን በአጭሩ። ሴሉን በበረዶ ላይ 10 ሰከንድ እያበራችሁ 20 ሰከንድ እያሳረፋችሁ ሶኒኬት አድርጉ። ፈሳሹ መጀመሪያ እንደ ተልባ ይለጠጣል፤ ዲኤንኤው ነው፣ ዲኤንኤዝ ጨምሩ ወይም ሶኒኬሽኑን ቀጥሉ፣ ሳይቀጥን ወደ ኮለም አትውሰዱት። የሂስቲዲን ታጉን የሚይዘው የኒኬል ኮለም ላይ ስትጭኑ ታጉን የሚያስለቅቀው ኢሚዳዞል 20 ሚሊሞላር ይሁን፣ ለማጠብ እስከ 50፣ ለማውጣት 250። ባፈሩ ውስጥ ብረት የሚይዘው ኢዲቲኤ ካለ ኒኬሉን ይነቅለዋል፣ ሬዚኑ ሰማያዊነቱን አጥቶ ይነጣል፤ ሲስቲንን ከኦክሲዴሽን የሚጠብቀው ዲቲቲ ከሆነ ቡናማ ይሆናል። ቴቭ ሲስቲን ላይ የሚሠራ ፕሮቲኤዝ ስለሆነ ዲቲቲ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከኮለሙ ከወጣ በኋላ መጀመሪያ ኢዲቲኤ፣ ቀጥሎ ዲቲቲ ይጨመርለታል።

የራሳችሁን ጂን ፔት-28ኤ ውስጥ የምታስገቡ ከሆነ ደግሞ ካርታውን ፊደል በፊደል አንብቡ። 5,369 ቤዝ ፔር ነው፣ አንድ ማታ ይበቃዋል። ኤንዲኢ 1 የተባለው ኤንዛይም በሚቆርጥበት ቦታ ላይ ብትቆርጡ የፊቱን ሂስ ታግና የትሮምቢን መቁረጫ ታገኛላችሁ፤ ኤንሲኦ 1 ላይ ብትቆርጡ የፊቱ ታግ ይቀራል፣ በዚያ ላይ ከመነሻው ኮዶን፣ ከኤቲጂው፣ ቀጥሎ ያለው ፊደል የግድ ጂ ስለሆነ ሁለተኛው አሚኖ አሲድ ሊለወጥባችሁ ይችላል። የኋላውን ታግ ከፈለጋችሁ ስቶፕ ኮዶኑን አውጡ፤ ካልፈለጋችሁት አስገቡ። ስቶፕ ኮዶን ተረስቶ የቀረበት ፕሮቲን ጄል ላይ ምንም ችግር የሌለው ይመስላል፣ ከቬክተሩ የመጡ ተጨማሪ አሚኖ አሲዶች ግን ጅራቱ ላይ ተንጠልጥለዋል። ነጥብ ሚውቴሽን በፒሲአር ካስገባችሁ አሮጌውን ፕላዝሚድ በዲፒኤን 1 አስፈጩት፤ ይህ ኤንዛይም የሚቆርጠው ሜቲል ያለውን ዲኤንኤ ብቻ ስለሆነ መነሻ ፕላዝሚዳችሁ ሜቲል የሚጨምረው ዳም የተባለ ኤንዛይም ካለው ዝርያ፣ ለምሳሌ ከዲኤች5 አልፋ፣ የወጣ መሆን አለበት። ከዚያም የለወጣችሁትን ቦታ ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ጂን ሲኩዌንስ አስደርጉ፤ ፖሊሜሬዙ ሌላ ቦታም ሊሳሳት ይችላል።

አቀማመጥ ላይም አንድ ነገር። ፕላዝሚዱን በዲኤች5 አልፋ ከ20 እስከ 25 በመቶ ግሊሰሮል ጨምራችሁ ማይናስ 80 ላይ አኑሩ፤ ጂኑ እዚያ ዝም ብሎ ስለሚቀመጥ ለመለወጥ የሚገፋው ነገር የለም። ቢኤል21ን እንደ ዋና ስቶክ አትያዙ። ማምረት ስትፈልጉ ከተጣራው ፕላዝሚድ 1 ማይክሮ ሊትር ወስዳችሁ እንደገና ቢኤል21ን ትራንስፎርም አድርጉ፣ ማለትም ፕላዝሚዱን አስገቡበት፦ በረዶ ላይ 30 ደቂቃ፣ በ42 ዲግሪ 30 ሰከንድ፣ ተመልሶ በረዶ ላይ 2 ደቂቃ፣ ኤስኦሲ የተባለ ሚዲያ ጨምሮ በ37 አንድ ሰዓት። ለካናማይሲን ይህች አንድ ሰዓት አትታለፍም፤ ሴሉ መከላከያ ኤንዛይሙን ሳያመርት ፕሌት ላይ ከወጣ ይሞታል። በማግስቱ ከዚያ ትኩስ ፕሌት ላይ መካከለኛ የሆነውን ኮሎኒ አንሱ፣ ፕሌቱን ሳምንታት ፍሪጅ ውስጥ አቆይታችሁ ግን አትጠቀሙበት።

በሚቀጥለው ዝግጅት ዳይሰልፋይድ ቦንድ ያላቸውን ፕሮቲኖች ይዤ እመጣለሁ፤ እነሱ ሌላ አስተናጋጅ ይፈልጋሉ። እስከዚያው ደህና ሁኑ።