እሌኒ ወይስ ሄለን? የስሙ ፍቺና አመጣጥ

ጥያቄ፦ ሴት ልጅ ወልደን እሌኒ ልንላት ነው። ኢንተርኔት ላይ አንዱ «ችቦ»፣ አንዱ «ጨረቃ»፣ ሌላው «ፀሐይ» ይላል። የቱን እንመን? (ከደሴ)

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረቻችሁ። ከሦስቱ ሚዛን የሚደፋው ችቦው ነው። በጥንታዊ ግሪክ «ሄሌኔ» የሚባል ተራ ቃል ነበረ፤ ትርጉሙ አንድ ላይ ታስሮ የሚለኮስ ችቦ፣ ልክ ለደመራ እንደምናስረው። ይሁንና ስሙ ከዚህ ቃል ወጣ ብሎ መማል አይቻልም፤ ምክንያቱም የስሙ ጥንታዊ አጻጻፍ ሌላ ድምፅ አለው። በግሪክ ስፓርታ አጠገብ፣ ቴራፕኔ በሚባል ቦታ፣ በግሪክ አፈ ታሪክ ለምትታወቀው ለስፓርታዋ ሄለን በስጦታ የቀረበ ትንሽ የነሐስ የሽቶ ዕቃ ተገኝቷል። ዕድሜው ከክርስቶስ ልደት በፊት 7ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ስሟ የተቀረጸበት «ዌሌና» ተብሎ፣ በ«ወ» ድምፅ ጀምሮ ነው። ጨረቃ ማለት ከሆነው «ሴሌኔ» ጋር ለማዛመድ የሚያስቸግረውም ይኸው «ወ» ነው። ፀሐይን ተዉት፤ ፀሐይ ማለት የሆነው «ሄሊዮስ» ኢታ በሚባለው የግሪክ ፊደል ይጀምራል፣ ስሙ ግን ኤፕሲሎን በሚባለው። «ግሪካዊት ማለት ነው» የሚሏችሁም ተሳስተዋል፤ የሕዝቡ መጠሪያ «ሄሌኔስ» ሁለት ላምዳ (የግሪክ «ል») አለው፣ የስሙ አንድ ብቻ።

ጥያቄ፦ ታዲያ «ሄ»ው የት ገባ? «ኒ»ስ ከየት መጣ? (ከዋሽንግተን)

መልስ፦ ግሪኮች ስሙን የሚጽፉት በኤፕሲሎን፣ ላምዳ፣ ኤፕሲሎን፣ ኒ፣ ኢታ ነው። ጥንት መነሻው ላይ የ«ህ» ትንፋሽ ነበረው። ሮማውያን ያን ትንፋሽ ጠብቀው «ሄሌና» አሉ፤ የዛሬው ሄለን በዚያ በኩል የመጣ ነው። ግሪኮቹ ራሳቸው ግን በጊዜ ብዛት ትንፋሹን ጣሉት። መጨረሻ ላይ ያለው ኢታም ቀድሞ ረዘም ያለ «ኤ» ሆኖ ይነበብ ነበር፤ ኋላ «ኢ» ሆነ። ስለዚህ የእኛ እሌኒ ዛሬ አቴና ላይ ከሚሰማው አጠራር ጋር እጅግ ይቀራረባል፤ እነሱም ድምፃቸውን ጠበቅ የሚያደርጉት መካከለኛው «ሌ» ላይ ነው። የተበላሸ አጠራር አይደለም፣ እንዳታፍሩበት።

ጥያቄ፦ መስቀሉን ያስወጣችው እሌኒና የኢትዮጵያዋ ንግሥት እሌኒ አንድ ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም። የመጀመሪያዋ የሮማው ንጉሥ የቆስጠንጢኖስ እናት ናት፤ ያረፈችው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ330 ገደማ ነው። የእኛዋ የሐድያ ገዥ ልጅ ስትሆን፣ ዐፄ ልብነ ድንግል ልጅ ሳለ አገር አስተዳድራለች። ወደ ፖርቱጋል የላከችው ማቴዎስ ሊዝበን የገባው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1514 ነው። በመካከላቸው ወደ 1,200 ዓመት አለ። ግሪኮች የመጀመሪያዋን ከልጇ ጋር ሜይ 21 ያከብራሉ፤ እኛ መስከረም 16 ደመራ ስንደምር እናስባታለን።

ለደሴዋ እናት አንድ ነገር እንጨምር፦ የልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ እሌኒ ካስባላችሁ ትምህርት ቤትም ፓስፖርትም ላይ እሌኒ ይሁን። ሥሩ አንድ ቢሆንም ለመዝጋቢው ሄለንና እሌኒ ሁለት ሰው ናቸው።