መኪናው የሚያወራው ለማን ነው?

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሲከነክነኝ የቆየ ነገር አለ፣ እሱን ላወራችሁ ነው።

ባለፈው ወር እዚህ ቨርጂኒያ ያገለገለ መኪና ገዛሁ። የአጎቴ ልጅ ኡበር ስለሚሠራ መኪና ያውቃል። ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን አዳመጠልኝ፣ ጎማውን አየ፣ ፍሬኑን ሞከረ። ስክሪኑን ግን ሁለታችንም ልብ አላልነውም። ቤት ደርሼ ስልኬን በብሉቱዝ ላገናኝ ስል የሌላ ሰው ስልክ ስም መጣ። ከዚያ የስልክ ቁጥሮች ዝርዝር። እናቱ፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ የልጆቹ መዋያ፣ ሁሉም አለ። ካርታው ላይ "ቤት" የሚለውን ስነካው ደግሞ መንገዱን እየመራ ወደ ሰውዬው ደጃፍ ሊወስደኝ ተነሳ።

በጣም ደነገጥኩ። እኔ ክፉ ሰው ብሆንስ? ያ ሰው እኮ ቁልፉን ሲያስረክብ መኪና የሸጠ ነው የመሰለው። እኔም የድሮ መኪናዬን ስሸጥ ምንም አላጠፋሁም ነበር፣ አሁን ማን እጅ እንዳለች አላውቅም።

ይሄ እንግዲህ መኪናው ውስጥ የቀረው ነው። ከመኪናው የሚወጣው ይብሳል። አሁን የሚሸጡ መኪኖች ብዙዎቹ እንደ ስልክ የራሳቸው ሲም አላቸው። መቼ እንደተነሳህ፣ ስንት ማይል እንደነዳህ፣ ፍሬን ስንቴ በኃይል እንደያዝክ መዝግበው ወደ አምራቹ ይልካሉ።

በ2024 ኒው ዮርክ ታይምስ ያወጣውን ታሪክ ያነበባችሁ ትኖራላችሁ። ሲያትል አካባቢ የሚኖር ሰው ኢንሹራንሱ በ21 በመቶ ጨመረበት። ግጭት የለበትም፣ ምንም የለም። ለምን ብሎ ሲጠይቅ ሌክሲስኔክሲስ የሚባል፣ የሰዎችን መረጃ ሰብስቦ ለኢንሹራንሶች የሚሸጥ ድርጅት ጋ ያለው ፋይልህ ነው አሉት። ፋይሉን አስመጣ፤ 258 ገጽ! እሱና ሚስቱ በ6 ወር ውስጥ ያደረጓቸው 640 ጉዞዎች አንድ በአንድ ተጽፈዋል፣ ስንት ሰዓት ተነሱ፣ ስንት ሰዓት ደረሱ፣ የት ጋ ሳይሆን መቼ ፈጠኑ፣ መቼ ፍሬን ረገጡ። መረጃውን የሰጠው መኪናውን የሠራው ጄኔራል ሞተርስ ነው። ኋላ የፌዴራሉ ንግድ ኮሚሽን ኤፍቲሲ ገባበት፤ በጃንዋሪ 2025 እንዳለው ከሆነ ኩባንያው መኪናው ያለበትን ቦታ አንዳንዴ በየ3 ሴኮንዱ ይሰበስብ ነበር። ለ5 ዓመት እንዲህ ያለ መረጃ እንደ ሌክሲስኔክሲስ ላሉ ድርጅቶች እንዳይሰጥ የሚከለክል ስምምነት ላይ ተደረሰ።

እኔን የሚያንገበግበኝ የኢንሹራንሱ ብር ብቻ አይደለም። ሰዎቹ ተስማምታችኋል መባላቸው ነው። የት ነው የተስማሙት? መኪና የምንገዛበትን ቀን አስቡት። ደክሞሃል፣ ልጆቹ ርቧቸዋል፣ ሻጩ ታብሌት ይዞ "እዚህ ጋ ንካ፣ እዚህም ጋ" ይልሃል፤ አንተ ወርሃዊ ክፍያው ስንት እንደሚሆን እያሰብክ ትነካለህ። እንግሊዝኛው ለማይቀናቸው አባቶቻችንና እናቶቻችን ደግሞ ይሄ መስማማት ሊባል አይችልም። ይሄን ስል ከልቤ ነው።

ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም። ኤርባግ ሲፈነዳ መኪናው ራሱ አምቡላንስ መጥራቱ ሕይወት ያተርፋል። ግን እሱም ቢሆን በሌላ ሰው እጅ ነው። በ2022 እዚህ የ3ጂ ኔትወርክ ሲዘጋ፣ በእሱ ይሠሩ የነበሩ ብዙ መኪኖች ይሄን የድንገተኛ ጥሪ አጡ። መኪናው ምንም አልሆነም። ኔትወርኩ ነው የጠፋው።

ስለ ራስ-ነጂው ደግሞ አንድ ነገር ልበል፣ በተለይ ለሾፌር ወንድሞቼና እህቶቼ። ዌይሞ የሚባለው ታክሲ ያለ ሾፌር ሰው ሲያመላልስ አይታችሁ ይሆናል፣ ፊኒክስም ሳን ፍራንሲስኮም አለ። እዚያ የምትቀመጡት ተሳፋሪ ሆናችሁ ነው። ዲለር ጋ "ራሱ ይነዳል" ተብሎ የሚሸጥላችሁ ግን፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ ሌላ ነገር ነው። መሪውን ያግዛል እንጂ ሾፌሩ እናንተ ናችሁ፣ ሲጋጭም ተጠያቂው እናንተ ናችሁ። በዲሴምበር 2023 ቴስላ ከ2 ሚሊዮን በላይ መኪኖቹን ለጥገና የጠራው ሾፌሩ ነቅቶ መከታተሉን የሚያረጋግጠው ነገር በቂ አይደለም ስለተባለ ነው። ጥገናውም ጋራዥ አላስኬደም፣ በኢንተርኔት ነው የተላከው። የአጎቴ ልጅ 12 ሰዓት ሠርቶ ማታ ሲመለስ "ሃይዌይ ላይ ለመኪናው ትቼው ዓይኔን ላሳርፍ እላለሁ" አለኝ። ተው፣ አደራህን፣ ሁለት ልጆች አሉህ አልኩት። እናንተንም እንደዚያው ብዬ ነው የምለምናችሁ።

የዚያን ሰውዬ ነገር ሁሉ ቅዳሜ ዕለት አጠፋሁት። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ መኪናውን ከፋብሪካ እንደወጣ የሚያደርገውን ትነካላችሁ፣ አምስት ደቂቃም አይፈጅም። ስትሸጡ ይሄን አድርጉ፣ መኪናውንም ስልካችሁ ላይ ካለው የአምራቹ አፕ አውጡት። ሌክሲስኔክሲስ ጋ ያለውን ፋይላችሁን በነፃ መጠየቅ ትችላላችሁ። እኔ ጠይቄያለሁ፣ እየጠበቅኩ ነው።

ይሄን ሁሉ አዲስ አበባ ላለችው ታላቅ እህቴ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝ። መንግሥት በ2024 የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ እዚያ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል፣ ብዙው ለቻይና ገበያ የተሠራ ነው። እሷና ባሏም አንድ ገዝተዋል። "የእኛማ ስክሪኑ በሙሉ ቻይንኛ ነው" አለችኝ። "መጀመሪያ ቀን አንድ ረጅም ጽሑፍ መጣ፣ ከታች ሁለት ቁልፍ ነበረው፣ ደመቅ ያለውን ነካሁት።" ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? አልኳት። "ከየት አውቄ?"

እና አሁን እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ እያነሳች በቴሌግራም ትልክልኛለች፣ እኔ ደግሞ በስልኬ እየተረጎምኩ መልሼ እጽፍላታለሁ። እስካሁን አራት ገጽ ሄደናል። ትናንት ማታ የላከችው ላይ "ያሉበትን ቦታ ማጋራት" የሚል አለ፣ ማብሪያው በርቷል። እዚያ ሲነጋ ደውዬ አብረን እናጠፋዋለን።